የማናየው ገዢ

ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በአንድ ትንሽ አዳራሽ ቤት ለመግዛት የሚያስቡ ወጣት ባለትዳሮች ተሰብስበው ነበር። ተናገር ተብዬ ተናገርኩ። በኋላ "ጽፈህ ላክልን" ያሉኝ ብዙ ስለሆኑ ያልኩትን እንዳልኩት አስቀምጬዋለሁ። ከተሰብሳቢው የመጡትን ጥያቄዎችም አልተውኳቸውም።

*

እንደምን አመሻችሁ። ሙቀቱ በረድ ብሏልና መስኮቶቹን ክፍት እንተዋቸው።

ስለ ቤት ዋጋ ልነግራችሁ አልመጣሁም። ዋጋውን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በየሳምንቱ የምትሰሙት እሱን ነው። እኔ የመጣሁት ስለ አንድ ሌሊት ልነግራችሁ ነው።

ግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። የድሬ ግንቦት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሳቢያን ውስጥ አንድ ቤት አየን። ሁለት መኝታ፣ ጠባብ ግቢ፣ በሩ አጠገብ አንዲት የሎሚ ዛፍ። ባለቤቴ አንድ ቅጠል ቀጠፈች። በጣቶቿ አሸችውና አሸተተችው። ከዚያ እጇን ወደ እኔ አፍንጫ አመጣች። ምንም አላለችም። እኔ ግን ያኔውኑ ቤቱን በልቤ ገዛሁት።

ሻጯ የጠሩት 2 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ነበር። እኛ ያለን ሁሉ ተደምሮ 2 ሚሊዮን 550 ሺህ ነው። ዕቁቡ፣ የባለቤቴ ወርቅ፣ ከወንድሜ የምበደረው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። 50 ሺህ ብቻ ጎደለን። ከሻጯ ጋር ተነጋግረን እንጨርሰዋለን ብለን ወደ ቤት ገባን። ባለቤቴ ማታውን መጋረጃ ስትለካ ነበር። ያላየነውን መስኮት በክንዷ ትለካለች።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ደላላው ደወለ። "አቦ፣ ሌላ ሰው መጥቷል። 2 ሚሊዮን 680 ብሏል። ምን ልበላቸው?"

700 በላቸው አልኩት። ከየት እንደማመጣው አላሰብኩም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መልሶ ደወለ። ሰውየው 750 ብሏል። እኔ 780 አልኩ። 4 ሰዓት ላይ 820። ልጃችን ተኝቷል። ኮሪደር ላይ ቆሜ በሹክሹክታ ነው የማወራው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን ሲል ባለቤቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦ "ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?"

ደላላውን ጠየቅሁት። "ካናዳ ያለች ዲያስፖራ ናት፣ ወንድሟ ነው የሚያስገዛላት" አለኝ። ካናዳ ሲለኝ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ዶላር ካላት ሴት ጋር እንዴት አድርጌ ነው የምፎካከረው? ግን ስልኩን አልዘጋሁም። 2 ሚሊዮን 900 አልኩ። 350 ሺህ ብር የሌለኝ ሰው ነኝ። በጨለማ ቆሜ፣ የሌለኝን ብር ሰጠሁ።

ጠዋት ላይ ተነገረን። ሌላው ሰው 920 ብሎ ወስዶታል።

እውነቱን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ትንፋሼ ተመለሰ። ቀጥሎ ባለቤቴን አየኋት፤ የለካችበትን ክር እየጠቀለለች ነው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት "ነሲባችሁ አይደለም ልጄ" አሉን። ደግ ቃል ነው። ግን እኔን የበላኝ የነሲብ ነገር አልነበረም። አንድ ቀን እንኳ አይቼው የማላውቀው ሰው፣ ፊት የሌለው ሰው፣ መኝታ ቤቴ ድረስ ገብቶ ከሚስቴ ጋር አጨቃጨቀኝ። ይሄ ነው የበላኝ።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ስለዚህ ፊት የሌለው ሰው ነው።

ለምን እንዲህ እንደምንጋፋ ትንሽ ልበል። ይህች ከተማ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ሲደርስ ነው። አሁን ያለንበት ከዚራ በመሐንዲስ መስመር ተሰመረ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ በገበያው ፍላጎት አደገ። ከዚራ ውስጥ ጥላ ያለው፣ ወፍራም ግንብ ያለው፣ በረንዳ ያለው ቤት ሞልቷል። ግን ስንቱ ይሸጣል? በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወደ መንግሥት አዞረ። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የመንግሥትና የቀበሌ ኪራይ ቤቶች ናቸው። መሬት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም፤ በሊዝ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ሻጭና ገዢ በነጻነት የሚገናኙበት የቤት ቁጥር ትንሽ ነው። ሁላችንም ወደ እነዚያው ጥቂት ሰፈሮች፣ ወደ እነዚያው ጥቂት ቤቶች እንሄዳለን።

ሌላም አለ። ባንክ ለቁጠባ 7 በመቶ ወለድ እየከፈለ የዕቃ ዋጋ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ የጨመረበትን ጊዜ አይታችኋል። 2014ና 2015ን አስታውሱ። በሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ብር እጁ ላይ ያለ ሰው ሁሉ "ብሬ ከሚቀልጥ ቤት ልግዛበት" ይላል። ይሄ ሰው ሊኖርበት አይደለም የሚገዛው። እናንተ ግን ልትኖሩበት ነው። አንድ በር ላይ ትገናኛላችሁ። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ብሩን ሊያድን የፈለገ ሰው ጥፋተኛ አይደለም። ብቻ የምትወዳደሩት ከእናንተ የተለየ ሐሳብ ይዞ ከመጣ ሰው ጋር እንደሆነ እወቁ።

አሁን አንድ ከሩቅ አገር የመጣ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔን በጣም ረድቶኛል። እ.ኤ.አ. በ1971 ኬፐን፣ ክላፕ እና ካምቤል የሚባሉ ሦስት የአሜሪካ የነዳጅ መሐንዲሶች አንድ ጥናት አሳተሙ። ኩባንያዎች በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ ቦታ በጨረታ ይገዙ ነበር። ያሸነፉት ግን የጠበቁትን ያህል ትርፍ አላገኙም። ለምን? ከባሕሩ ሥር ምን ያህል ነዳጅ እንዳለ ማንም በትክክል አያውቅም። ሁሉም ይገምታል። አንዱ ዝቅ አድርጎ፣ አንዱ ከፍ አድርጎ። ጨረታውን የሚያሸንፈው ማነው? ከሁሉም በላይ አብዝቶ የገመተው ነው። እንግዲህ ማሸነፉ ራሱ ምናልባት እንደተሳሳተ ምልክቱ ነው። በኋላ የምጣኔ ሀብት ሰዎች "የአሸናፊው እርግማን" አሉት።

ይህን ሳነብ የሎሚዋ ቤት ትዝ አለችኝ። ግን ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም። የነዳጅ ቦታ ለሁሉም እኩል ዋጋ ነው ያለው፤ በርሜል በርሜል ነው። ቤት እንዲህ አይደለም። እናትህ ሁለት በር አልፋ የምትኖር ከሆነ ያ ቤት ለአንተ ከሌላው ሰው ይልቅ ይበልጣል። ልጅሽ በእግሩ ትምህርት ቤት የሚደርስ ከሆነ የባጃጅ ብር ይቀርልሻል። ለዚህ ብላችሁ የምትጨምሩት ስህተት አይደለም። ስህተቱ ሌላው ሰው ስለጨመረ ብቻ የምትጨምሩት ነው። እኔ ያን ሌሊት ከ2 ሚሊዮን 600 እስከ 900 ድረስ የጨመርኩት አንድም ሳንቲም ስለ ቤቱ ባወቅሁት አዲስ ነገር አልነበረም። ቤቱ 3 ሰዓት ላይም 6 ሰዓት ላይም ያው ቤት ነው። የተለወጠው ስልኩ ነው።

እንዲያውም ስለ ቤቱ የማላውቀው ብዙ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በየትኛው ግድግዳ እንደምትመታ አልጠየቅሁም። ውኃ በስንት ቀን እንደሚመጣ አልጠየቅሁም። የድሬ ውኃ ከባድ ነው፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ቧንቧም ውስጥ ይጋገራል። የቧንቧው ዕድሜ ስንት ነው? አልጠየቅሁም። ደቻቱ አጠገብ የሚገዛ ሰው ደግሞ ከዚህ የከበደ ጥያቄ አለው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት ላይ የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። እዚህ ካላችሁት ውስጥ ዘመድ ያጣችሁ ትኖራላችሁ። በበጋ ያ ወንዝ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ቤት የሚያሳያችሁ ሰው በበጋ ነው የሚያሳያችሁ። ጎረቤት አንኳኩታችሁ "ውኃው የት ድረስ ደርሶ ነበር?" በሉ። ግድግዳው ላይ በእጃቸው ያሳዩዋችኋል። ፉክክር ውስጥ ያለ ሰው ይህን ለመጠየቅ ግማሽ ቀን የለውም። ፉክክሩ ከብሩ በፊት የሚወስደው ያን ግማሽ ቀን ነው።

ወረቀቱም እንደዚሁ ነው። "ዛሬ ቀብድ ካልጣልክ ነገ የለም" ትባላላችሁ። የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ተብሎ ቀብድ ለባልየው ሰጠ። ሚስትየው ለካ ዓረብ አገር ናት፤ ስትሰማ አልሸጥም አለች። ልክ ናት። የቤተሰብ ሕጉ የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም ይላል። ባልደረባዬ ቀብዱን ለማስመለስ ከአንድ ዓመት በላይ ተመላለሰ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ስለ ቀብድ ያስቀመጠው ግልጽ ነው። በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በስተቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለ ሰው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ይሄ እጥፍ የሚባለው ነገር ለእናንተ ትልቅ ጥበቃ ነው። ሻጩ ነገ የተሻለ ዋጋ ሲመጣለት ሁለት ጊዜ ያስባል። ግን በጽሑፍ ካልያዛችሁት ምን ዋጋ አለው? የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ በሕግ ፊት ሽያጭ አይደለም። እጅ ተጨባብጦ፣ ምርቃት ተመርቆ፣ ሻይ ተጠጥቶ ውል የሆነ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ካርታው ውክልና ባለው ሰው እጅ ከሆነ ውክልናውን አንብቡት። ዕዳና እገዳ እንዳለበት አጣሩ። ስም ማዛወሪያውን፣ ቴምብሩን፣ ግብሩን ማን እንደሚከፍል ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት ጠይቁ። በድርድሩ መጨረሻ "ሁሉም በገዢ ነው" ስትባሉ ያ የጨረሳችሁት ዋጋ ዋጋችሁ አልነበረም ማለት ነው።

የባንክ ሐራጅም ሞክሬያለሁ። እዚያ ሕጉ ጥብቅ ነው። ማስታወቂያው ላይ እንደምታዩት የመነሻውን ዋጋ አንድ አራተኛ በሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ሰነድ፣ ታስይዛላችሁ። ካሸነፋችሁ ቀሪውን በ15 ቀን ትከፍላላችሁ፤ ካልከፈላችሁ ያስያዛችሁት ይቀርባችኋል። ክፍሉ ሞቃት ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰዎች ነን። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ጨመሩ። አራተኛው ላይ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "በቃኝ" አሉና ተቀመጡ። አጠገባቸው ያለው ወጣት ውኃ ሰጣቸው። እኔም ከእሳቸው በኋላ ብዙ አልቆየሁም። ተሸንፌ ወጣሁ፤ ማታ ግን ተኛሁ። ያን ቀን ነው ልዩነቱ የገባኝ። እዚያ የጨመረውን ሰው አየዋለሁ። ላቡን አያለሁ። ሲያመነታ አያለሁ። እሱም ያየኛል። የሚነገረኝ ሳይሆን የማየው ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ እህት እጇን አወጣች። "ዋጋው በየወሩ እየጨመረ እኛ ቁጥራችንን ይዘን ብንቀመጥ ዕድሜ ልካችንን ተከራይ ሆነን አንቀርም?" አለችኝ።

ጥያቄዋ ከብዶኛል፤ ቀላል መልስ የለኝም። ከሎሚዋ ቤት በኋላ እኔና ባለቤቴ አንድ ነገር አደረግን። ከልጃችን ደብተር ገጽ ቀደድን። ሁለት ቁጥር ጻፍንበት። አንዱ ለቤት የምንከፍለው የመጨረሻው ብር። ሁለተኛው ቤቱን ገዝተን ብድሩን እየከፈልን በወር ለአስቤዛ የሚቀረን። ሁለታችንም ፈረምንበት። ቤት ከማየታችን በፊት ነው የጻፍነው፤ የሎሚ ቅጠል ከመሽተቱ በፊት። ያ ወረቀት አራት ጊዜ ተለውጧል። ዋጋ ሲጨምር፣ ደሞዝ ሲጨመር፣ ወንድሜ ብድሩን ሲያራዝምልኝ እየተቀመጥን ለውጠነዋል። ግን ሁልጊዜ እሁድ ጠዋት ነው የምንለውጠው፣ ቁርስ በልተን፣ ሁለታችንም ባለንበት። ስልክ እየጮኸ አንድም ቀን አልለወጥነውም። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የደላላ ስልክ አናነሳም ብለን ተስማማን። ሁለት ቤት በዚህ ምክንያት አምልጦናል። አንዱን እስከ ዛሬ ሳልፍበት አየዋለሁ። እህቴ፣ "ያመልጣችኋል" የምትዪው እውነት ነው። ያመልጣል።

ከኋላ ደግሞ አንድ ወጣት ተነሳ። ደላላ ነኝ አለ። "እኛም ልጅ እናሳድጋለን፤ ሻጩ ጨምርልኝ ሲለን ምን እናድርግ?" አለ። አዳራሹ አጉረመረመ። እኔ ግን መምጣቱ ደስ አለኝ፤ አሁንም ደስ ብሎኛል። እንዲህ አልኩት፦ ወንድሜ፣ ኮሚሽንህ ይገባሃል። ፀሐይ ላይ ቆመህ ቤት ታፈላልጋለህ። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ሁለት ገዢ ካለህ ሁለቱን አገናኛቸው።

ይህን የምለው ሆኖ ስላየሁት ነው። ሦስተኛው ቤት ሻጭ ሐረር ጁገል ተወልደው ያደጉ እናት ናቸው። ሁለት ገዢ እንዳለ ሲነገራቸው ደላላውን "ሁለቱንም ጠዋት አምጣቸው" አሉት። ግቢያቸው ውስጥ ምንጣፍ አስነጠፉ። ሻይ በወተት ቀረበ። ሌሎቹ ባልና ሚስት ቀድመውን መጥተዋል፤ ሴትዮዋ ነፍሰ ጡር ናት፣ ጀርባዋን ትራስ አስደግፈዋታል። እናትየው "እኔ ይህን ቤት የምሸጠው ልጄ ዘንድ ልሄድ ነው። ማናችሁም እንድትጣሉ አልፈልግም። የምትችሉትን ንገሩኝ" አሉ። እኛ ከደብተሩ ገጽ ላይ ያለውን ተናገርን። እነሱ 50 ሺህ ጨመሩ። ባለቤቴ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። "መልካም ቤት ይሁንላችሁ" አልን። ሰውየው ተነስቶ አቀፈኝ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱም ለካ ሳይተኛ ነው ያደረው። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ባለቤቴ "ልጁ እዚያ ይወለዳል" አለችኝ። አዝነን ነበር። ግን እንደዚያኛው ዓይነት ሐዘን አልነበረም።

የገዛነው አራተኛውን ነው፤ ገንደ ቆሬ። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለም። ጣሪያው ይፈስ ነበር፤ አሠራነው።

ስለዚያ የካናዳ ዲያስፖራ ግን ልጨርስላችሁ። ከሎሚዋ ቤት ሰባት ወር በኋላ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ አንድ ሰው ስለ ቤቱ ሲያወራ ሰማሁ። ሳቢያን ነው፣ በሩ ላይ ሎሚ አለ ይላል። ጠጋ አልኩት። የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት። ካናዳ ማንም የለውም። "ያን ሌሊት ሌላው ገዢ ማነው አሉህ?" አልኩት። "ከጅቡቲ የመጣ ነጋዴ፣ ብሩን በማዳበሪያ ይዞ ነው የመጣው አሉኝ" አለኝ።

ነጋዴው እኔ ነኝ። የመሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ፣ የሚስቱን ወርቅ ሊሸጥ የተሰናዳ።

ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ ያ ሌሊት እንዴት እንዳለፈ ነገረኝ። እሱም ኮሪደር ላይ ቆሞ ነበር። የመጨረሻዋን 920 ሲል የራሱን ባጃጅ ለመሸጥ ወስኖ ነው። ሸጣትም። አሁን ቤት አለው፤ የሚነዳው ግን የሰው ባጃጅ ነው፣ በየቀኑ ገቢ ያስገባል። እኛ ሁለታችን በአንድ ድንኳን፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ የምንችል ሰዎች ነን። ያን ሌሊት ግን እኔ ከዶላር ጋር፣ እሱ ከማዳበሪያ ሙሉ ብር ጋር ስንታገል አደርን። ሻጯ ከጠሩት በላይ የተጨመረውን 320 ሺህ ብር ያወጣው ፍርሃታችን ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ከፊት ወንበር ከተቀመጠች ልጅ መጣ። "ያ ሰው አሁንስ እንዴት ነው?" አለች።

ብድሩን ሊጨርስ ሁለት ዓመት ያህል ቀርቶታል። ለራሱ ባጃጅ የሚሆን ዕቁብ ጀምሯል፤ እኔም አብሬው ገብቻለሁ። ባለፈው ወር እሁድ ቤታችን መጣ። ከዛፏ የለቀመውን ሎሚ በፌስታል ይዞልን ነበር። ባለቤቴ አንዱን አንስታ በጥፍሯ ልጣጩን ጫር አደረገችና አሸተተችው። ከዚያ ለልጃችን ሰጠችው።